የደጋዋ ጎመን ቆላ ወርዳ

ተረት ተረት፤ የጓሮ መሬት።

አንድ ግትር ጃርት ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ የጎመን ችግኝ ይዞ ሄደ። ከጎጆው አጠገብ ትልቅ ማንጎ ነበረ። እሱ ግን ከማንጎው ጥላ አርቆ፣ ፀሐይ የሚፋጅበት ሜዳ ላይ ተከላት።

«ኧረ ተቃጠልኩ! ጥላ ሥር አድርገኝ!» ብላ ጎመኗ ጮኸች።

«ዝም በይ!» አለ ጃርት እሾሁን አቁሞ። «እናትሽን አውቃታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ‹ፀሐይ! ፀሐይ!› እንዳለች ነው የኖረችው።»

«እሷማ ውርጭ ላይ ቆማ ነው! እኔ እሳት ላይ ነኝ፤ አይታይህም?»

«ደግሞ ከእናትሽ ልትበልጪ ነው? ባለጌ!»

ጎመኗ ተናደደች፤ ነደደችም። ቅጠሏ ሳይሰፋ አበበች፣ ዘሯን በተነች፣ ደረቀች። ጃርት ግን «ይሄ የቆላ አፈር ውለታ አያውቅም!» ብሎ አፈሩን ሲሰድብ ከረመ።

ዝናብ በመጣ ጊዜ ከማንጎው ሥር አንዲት ለምለም ጎመን በቅላ አገኘ። እሾሁ እንደገና ቆመ።

«ማን ነው ጥላ ውስጥ የተከለሽ?»

«ነፋስ ነው» አለች የደረቀችው ጎመን ልጅ። «ደግነቱ እናቴን አያውቃትም።»

ተረቴን መልሱ፤ ጥላም አትንሱ።