ያልተደፋው ውሃ

አንድ የተማረ ሰው ነበረ። የተማረ ስልህ የእውነት የተማረ፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ብቻ ያልተማረ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ልጄ፣ በኋላ «እሱማ ደንቆሮ ነበር» ብለህ እንዳታመልጠኝ ነው።

ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ከሰማንያ ተማሪዎችህ ሃምሳ ሁለቱ ወደቁብህ። በየትምህርቱ መጨረሻ «ገባችሁ?» ስትላቸው ሁሉም «አዎ» ይሉህ ነበር። አሁን የሚባረሩት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ጠረጴዛህ ላይ ፊርማህን ይጠብቃል። ከፈረምክ በኋላ ደግሞ ስለ ተማሪዎች ድክመት ጥናት ልትጽፍ አስበሃል። ጥፋቱ የማን ነው ብለህ ጠየቅኸኝ። እንግዲህ ስማ።

ሰውዬው ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠናው ጓያን ነበር። ጓያ ዝናብ ሲከዳ የማይከዳ እህል ነው። ገብሱ ሲደርቅ፣ ጤፉ ሳያፈራ ሲቀር፣ ጓያ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ነገር ግን ውለታውን ከእግር ይቀበላል። ወር ከወር እሱን ብቻ የበላ ሰው አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ይተሳሰርበታል፤ ከዚያ ወዲያ በበትር ነው። አንዴ የሰበረውን ደግሞ የሚጠግን የለም።

ይህን በሽታ ሰውዬው ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። የተሰበሩትን በደረጃ መድቧቸዋል፤ አንድ በትር የሚይዝ፣ ሁለት በትር የሚይዝ፣ የሚድህ። ፍሬውን ፈጭቶ፣ አጣርቶ፣ መዝኖ መርዙን ለየው። መፍትሔውንም አገኘ። ጓያውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ውሃውን መድፋት፣ እንደገና ዘፍዝፎ እንደገና መድፋት። አብዛኛው መርዝ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ይኸው ነው። ከማድጋ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ይህን ባወቀባት ዕለት ሰውዬው ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻውን ቆሞ አለቀሰ ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

ከዚያ መቶ ሃያ ገጽ ጻፈ፤ በባዕድ ቋንቋ። መምህራኑ አጨበጨቡለት፣ ማዕረግም ሰጡት። ከማዕረጉ ጋር አንድ ግዴታ ተከተለ። ያገኘውን ለገበሬው ማድረስ፣ ማድረሱንም በቁጥር ማሳየት ነበረበት። ሰውዬው ይህን እንደ ትርፍ ሥራ ቆጠረው። ዋናውን ሥራ ጨርሼዋለሁ፣ የቀረው መናገር ብቻ ነው አለ በልቡ። መናገር ደግሞ ምን አለበት?

ዝናብ ሁለት ዓመት ወደራቀው አንድ መንደር ሄደ። የመንደሩ ሽማግሌ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰበሰቡለት። ሴቶቹ ለእንግዳው ምሳ ለማሰናዳት ወደየቤታቸው ገቡ። ሰውዬው ሲሄዱ አይቷቸዋል። ስለ ምግብ አሠራር ሊያስተምር መጥቶ፣ ምግብ የሚሠሩት ሁሉ ትተውት ሲሄዱ እያየ፣ ነገሩ አልከነከነውም። ነጠላቸው ከቅጥሩ በር ሲያልፍ ወረቀቱን ዘረጋ።

ሁለት ሰዓት ተናገረ። ንግግሩ የመቶ ሃያው ገጽ ትርጉም ነበር። ንጥረ ነገሩ በውሃ ውስጥ የመሟሟት ባሕርይ አለው አለ፤ በመዘፍዘፍ ሂደት ከፍሬው ይወገዳል አለ። ስለ ውሃው መደፋት ጨርሶ አልተናገረም ማለት አይቻልም። አንድ ቦታ ላይ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ሰዓት ምጣኔ በሚያወራበት መሐል፣ «ፈሳሹ ተለይቶ» የሚል ቃል ነበረበት። ገበሬዎቹ በትራቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው በአክብሮት አዳመጡ። አንዱ በበትሩ ላይ እንደተደገፈ እንቅልፍ ወሰደው።

በመጨረሻ ሰውዬው ወረቀቱን አጠፈና «ገባችሁ?» አለ።

ሽማግሌው ብድግ ብለው ገብቶናል፣ ዕድሜ ይስጥልን አሉ። ሌላውም ገብቶናል አለ። የተኛው በክርን ተጎሽሞ ነቃና «ለእኔማ ገና ሲጀምሩ ነው የገባኝ» አለ፤ ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። የተማረውም ሰው ደስ ብሎት ሳቀ። የገባው እጁን ያውጣ ብሎ ቆጠረ። ስድሳ አራት ሰው፣ ስድሳ አራት እጅ። ከመቶ መቶ ብሎ ጻፈና ምሳውን በልቶ ሄደ።

አሁን የሚሆነውን ልብ በል። ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ያ መንደር ጓያን ይፈራ ነበር። የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ሴቶቹ ሲያፈሉት ወንዶቹን ከቤት ያስወጣሉ። እምነቱ ስሕተት ነው። ፍርሃቱ ግን ጭልፋውን ያሳንሰው ነበር፤ ከተገኘ እህል ጋር ቀላቅለው፣ እየሰጉ ነበር የሚበሉት። የተማረው ሰው ፍርሃታቸውን ወሰደ፤ በፍርሃቱ ቦታ የተወላቸው ነገር ግን የለም። ወንዶቹ ቤት ገብተው ለሚስቶቻቸው «ዘፍዝፉት ብሏል፤ ከተዘፈዘፈ ይጠፋል» አሏቸው። ሴቶቹም ዘፈዘፉ።

ውሃው ደግሞ ከቆላ ወንዝ ነበር የሚመጣው፤ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ በጀርባ። በዚያ ዓመት እህል የነካ ውሃ ደጅ የምትደፋ ሴት ብትገኝ ስሟ እስከ ፋሲካ ሲነሳ ይከርም ነበር። ስለዚህ ጓያውን በዘፈዘፉበት ውሃ ቀቀሉት። መረቁንም እስከ ጠብታው በሉት። ያለ ስጋት፣ ጠግበው፣ የተማረውን ሰው እየመረቁ።

ሰውዬው በዓመቱ ውጤቱን ሊያይ ተመለሰ። አጓጉሽ የምትባል ሴት ከሁሉ ቀድማ ደጇ ላይ ጠበቀችው፤ ሳይቀምሱማ አያልፉም አለች። ገባ። ውሃ አስታጠበችው፣ የጓያ ክክ ወጥ በቂጣ አቀረበችለት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ አንስቶ፣ ለወጉ ያህል፣ እንዴት እንዲህ አድርገሽ ሠራሽው ብሎ ጠየቃት።

«እንዳሉት ነዋ» አለች ደስ ብሏት። «ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጧት በዚያው በውሃው ጣድኩት። ጠብታ አልባከነችም።»

ጉርሻው አፉ አጠገብ ቆመ። አንድ ጉርሻ ሰው እንደማይሰብር ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዓለም ላይ አልነበረም። እጁ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ጉርሻውንም ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። አጓጉሽ ፊቱን አላየችም። እጁን ነው ያየችው።

«ምነው? ምን አገኙበት?»

«እናቴ፣ መርዙ እኮ ውሃው ውስጥ ነው። ውሃው መደፋት ነበረበት።»

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ልጇ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አምና ቤቱን በሞፈር የሚያሳድረው እሱ ነበር። አሁን በሁለት በትር ተደግፎ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተጣላ ነው የመጣው። ሰውዬው ሳይወድ በልቡ መደበው፤ ሁለተኛ ደረጃ። ወዲያው በራሱ አፈረ፤ ምድቡ ግን ከልቡ አልወጣም።

«ይህቺን ነው?» አለች አጓጉሽ። አንቱታውን ተወችው። «ይህቺን ያህል አጭር ናት? አምና ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ስትላቸው ነው የዋልከው?»

ሰውዬው ተናግሬዋለሁ አለ። ደግሞም ዝም ብዬ አልሄድኩም፣ ገባችሁ ብዬ ጠይቄአለሁ፣ ስድሳ አራቱም እጃቸውን አውጥተዋል፣ ተጽፏል አለ። ወረቀቱን ሊያሳያት ወደ ቦርሳው እጁን ሰደደ።

«እንግዳ ቆሞ ‹ገባችሁ ወይ› ሲል ‹አልገባንም› የሚል ባለጌ በዚህ አገር የለም» አለችው። «አንተስ የሰው ልጅ አይደለህም? ይህን ሳታውቅ ነው ያን ሁሉ የተማርከው?»

መርዙ እንደሚሟሟ አስረድቻለሁ አለ ሰውዬው፣ ድምፁ እየወረደ። መሟሟት ምንድን ነው አለችው። ነገራት።

«እንደ ጨው?»

«እንደ ጨው።»

«ጨው ተሟሟ ማለት ታዲያ የት ሄደ ማለት ነው? እዚያው ወጡ ውስጥ ነው ያለ። ይህን፣ ወጥ የምትሠራ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እንደ ጨው ነው ብለህ ለአንዲት ሴት፣ ለአንዲት ብትናገር ኖሮ፣ በማግስቱ አገር በሙሉ ውሃውን ይደፋው ነበር። አንተ ግን ጨው የት እንደሚቀመጥ ለማያውቁ ወንዶች ነግረህ ሄድክ።»

ልጇ መደብ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ በትሮቹንም አጠገቡ አስደገፈ። «ተይው፣ እማ» አለ። «እንግዳ ነው።»

ሰውዬው ወጥቶ ሄደ። በዚያ መንደር በዚያ ዓመት አሥራ አንድ ሰው ተሰብሮ ነበር። አሥራ አንዱንም ዞሮ አያቸው፣ በየደረጃቸው ጻፋቸው፤ ሥራውን የማይጨርስ ሰው አልነበረም። ከተማው ተመልሶ ለመጻፍ ሲቀመጥ ከፊቱ ሁለት ቃል ነበረው። አንደኛው «አላስተማርኳቸውም» የሚል ነው። እውነት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ የአጓጉሽን ድምፅ ገና ከጆሮው አላወጣውም። ብዕሩን አንስቶ ሁለተኛውን ጻፈ፤ የአርሶ አደሩ አዲስ አሠራርን የመረዳትና የመቀበል አቅም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። መምህራኑ አጨበጨቡለት።

አጓጉሽ ምን አደረገች? እፍኝ ጓያና ጥቂት ጨው በጨርቅ ቋጥራ ከቤት ቤት ዞረች። ገባሽ ወይ ብላ አንዲትንም አልጠየቀች። የጨውን ውሃ ታስቀምሳለች፤ ትደፋለች፤ አዲስ ውሃ ጨምራ እንደገና ታስቀምሳለች። ከዚያ አሁን አንቺ በጓያው አድርጊው፣ እኔ አያለሁ ትልና ትቀመጣለች። ውሃው ከደጅ ሲፈስ በዓይኗ ሳታይ አትነሳም። ሦስተኛው ቤት በማግስቱ ስትመለስ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍተው በሁለተኛው ሲቀቅሉ አገኘቻቸው። አልተሳደበችም። የት ላይ ነው ያሳሳትኳቸው ብላ መንገድ ለመንገድ አሰበች፤ ከአራተኛው ቤት ጀምሮ አነጋገሯን ለወጠች። ለሚያለቅሱት፣ ያን ያህል የተሸከሙትን ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ አንጀታቸውን ለሚበላቸው፣ የልጇን እግር አሳየች። የእሷ ልጅ አልዳነም። ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ መንደር አሥራ ሁለተኛ ሰው አልተሰበረም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ልጄ።

ያ ሰው አንተ ነህ። የምታውቀውን ማወቅህን አልካድኩም፤ ኬሚስትሪህን ከእኔ በላይ፣ ከብዙዎች በላይ ታውቃለህ። ሰውዬውም ያውቅ ነበር። ክፍልህ ግን ያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ «ገባችሁ?» ማለትህም ያችው «ገባችሁ?» ናት። ለመምህር «አልገባኝም» ማለት ስድብ እንደሆነ እየተነገራቸው ላደጉ ልጆች ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ዝም በሉ የሚባልበት የጨዋ አነጋገር ነው። እንዴት አላወቅሁም እንዳትለኝ። አንተም በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠህ አራት ዓመት ሙሉ «ገብቶኛል» ስትል ነው የተመረቅከው። የማታውቀው ነገር ሳይሆን የረሳኸው ነገር ነው፤ የረሳኸውም ስለተመቸህ ነው።

ደግሞ ስለ ማስተማር ማጥናት የእኔ ሥራ አይደለም አልከኝ፤ ሙያዬ ሌላ ነው አልከኝ። የሰውዬውም ሙያ ሌላ ነበር። የአሥራ አንድ ሰው እግር በማን ሙያ ውስጥ ወደቀ? ልትጽፈው ያሰብከው ጥናት ምን ብሎ እንደሚጨርስ ከአሁኑ ልነግርህ እችላለሁ፤ ሰውዬው ጽፎታል፣ ቃሉን ለውጠህ ገልብጠው። ወይም ደግሞ ከሃምሳ ሁለቱ አንዷን ጥራ። ጠመኔውን ስጣትና አንተ ወንበሯ ላይ ተቀመጥ። ከፈተናው አንዱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ትሥራልህ፤ አፍህን ዝጋና የት ላይ እንደምትስት እይ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን ጥራ። ሃምሳ ሁለት ጊዜ። ከባድ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ የሚያጨበጭብልህም የለም።

ይህን አላደርግም ካልክ ሂድና ፈርም፤ እጅህን የሚይዝህ የለም። ግን ዝርዝሩን ሳታጎድል ጻፈው። ሃምሳ ሦስተኛው ላይ ያንተ ስም ይግባ።