ሉሉ ቁርስ የተከለከለች ዕለት

አዳማ ውስጥ ጋሽ ደጀኔ የሚባሉ አንድ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ልጅ የላቸውም። ቤት ውስጥ የቀረችላቸው ሉሉ ብቻ ናት። ሉሉ ውሻ ናት። ወይዘሮ የሺእመቤት ከቡችላነቷ ጀምረው አሳደጓት፤ ሊያርፉ ሲሉም የባለቤታቸውን እጅ ይዘው «ሉሉን አደራ» አሉ።

ስለ ውሻ በአውደ ምሕረት ማውራቴን አትታዘቡኝ። እሷንም የፈጠራት እግዚአብሔር ነው።

ታዲያ ሉሉ ሆዷ ሥር እብጠት ወጣባት። መምህሩ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰዷት። ዶክተር ረድኤት የምትባል ወጣት ሐኪም እብጠቱን በጣቶቿ ዳሰሰችና፣ «ጋሽ ደጀኔ፣ ይሄ ሳይሰፋ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። ሐሙስ ጠዋት ያምጧት። ግን አደራ፣ ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ምግብ የሚባል ነገር እንዳትቀምስ» አለቻቸው።

እናንተ ጾም ታውቃላችሁ። ለምን እንደምትጾሙም ገብቷችኋል። ለሉሉስ ማን ያስረዳት?

ረቡዕ ማታ ሳህኗን በአፏ ይዛ መጥታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። ቀና ብላ አየቻቸው። «ምን አጠፋሁ?» የምትል ትመስላለች። ጋሽ ደጀኔ ፊታቸውን አዞሩ። ሐሙስ ሲነጋ ያንኑ ሳህን ይዛ ስትመጣ ግን አልቻሉም። «ቁራሽ ዳቦ ምን ያደርጋል?» ብለው ወተት ውስጥ ነክረው ሰጧት። ስልቅጥ አደረገችው። ከዚያ እጃቸውን ላሰች።

ክሊኒክ ደረሱ። ሉሉ ተመዘነች። የሆዷ ጸጉር ተላጨ። መርፌ የሚገባበት የእግሯ ቦታ በአልኮል ተጠረገ። ዶክተር ረድኤት ማደንዘዣውን እያዘጋጀች፣ «ምንም አልበላችም አይደል?» ብላ ጠየቀች።

«አልበላችም» አሉ።

አያችሁ? አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቻቸውን «አትዋሹ» ሲሉ የኖሩ ሰው ዋሹ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ አፍረው ነው።

ሐኪሟ የሉሉን እግር ያዘች። መርፌው ሲቀርብ ጋሽ ደጀኔን ላብ አጠመቃቸው።

«ቆይ ልጄ! ቆይ! ጠዋት ዳቦ በልታለች። እኔ ነኝ ያበላኋት። አንጀቴ አልችል ብሎ ነው።»

ዶክተር ረድኤት መርፌውን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብለው አንገታቸውን ደፉ።

«ጋሽ ደጀኔ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማደንዘዣው ሲወስዳት የበላችው ወደ ላይ ሊመለስ ይችላል። ራሷን ስለማታውቅ መዋጥም ማሳልም አትችልም። ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ልናጣት እንችል ነበር።» ከዚያ እጃቸውን ያዝ አደረገችና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንኳን ነገሩኝ» አለቻቸው።

አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። የሚስታቸውን አደራ በገዛ እጃቸው፣ ያውም በርኅራኄ፣ ሊያጡት ነበር። ሉሉ ምኑንም ሳታውቅ አገጯን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች።

ቀጠሮው ለቅዳሜ ተዛወረ። ዓርብ ማታ ሳህኑን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። ራሳቸውም ራት ሳይበሉ ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ አሉ። ጀርባዋን እያሻሹ «አይዞሽ፣ ነገ ያልፋል» ይሏታል። ቃሉ አይገባትም፤ ድምፃቸውን ግን ታውቀዋለች።

ቅዳሜ እብጠቱ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሉሉ ዓይኗን ገለጥ አደረገች፤ ጭራዋም አንድ ጊዜ ወለሉን መታ አደረገ። «ተመስገን! ተመስገን!» አሉ ጋሽ ደጀኔ እንባቸው እየወረደ። ዶክተር ረድኤት «እርስዎስ ቁርስ በልተዋል?» ብትላቸው፣ «ኧረ አብረን ነው የጾምነው!» አሉ። ክሊኒኩ በሳቅ ተሞላ።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ጋሽ ደጀኔ ሉሉን የወደዷት መቼ ነው? ዳቦ በሰጧት ጠዋት ነው ወይስ በከለከሏት ማታ? ሁለቱንም ጊዜ ወደዋታል። ያዳናት ግን የትኛው ነው?

እኛ የምናመሰግነው በተሰጠን ነው። ልጅ ሲሰጠን እልል እንላለን። ሥራ ሲሰጠን ስለት እናስገባለን። ስለተከለከልነውስ? ስለዚያ አልቅሰን ለምነነው ስለቀረው ትዳር? በር ላይ ደርሰን ስለተመለስንበት ጉዞስ?

ይህን ስል ግን ተጠንቀቁ። የተራበ ሰው ደጃችሁ ቆሞ «እግዚአብሔር ለበጎ ነው የከለከለህ» እንዳትሉት። አብሉት! ሐኪሙ እናንተ አይደላችሁም። እኔም ብሆን የተከለከልኩት ሁሉ ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አይደለም የምነግራችሁ። ያልገባኝ ብዙ አለ።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። የእኛ ጌታ ከልክሎን ዞር ያለ አይደለም። እርሱ ራሱ ተርቧል። እርሱ ራሱ ተጠምቷል። በባዶ ሆዳችን ማታ አጠገባችን ተቀምጧል፤ ቃሉ ባይገባን እንኳ ድምፁን እናውቀዋለን።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከማዕድ በፊት፣ ስለሰጣችሁ እንደ ወትሮው አመስግኑት። ከዚያ እጃችሁን ሳታወርዱ ትንሽ ቆዩ። ለዓመታት ለምናችሁት ካልሰጣችሁ ነገር አንዱን በስሙ ጥሩትና «ስለዚህም ተመስገን» በሉ። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም በሉ።