እንስላልና እንግዶቿ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን!» በሉኛ። እንግዲያው ስሙኝ።

ቢራቢሮዎች በሚያዘወትሩት አንድ የአበባ ቦታ እንስላል በቅላ ነበር። አንዲት ቢራቢሮ እንቁላሎቿን በአደራ ቅጠሏ ላይ ጥላ ሄደች። እንቁላሎቹ ተፈልፍለው አባጨጓሬ ሆኑና ቅጠሏን መብላት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች ግንዷን ወረው ጭማቂዋን ይመጥጡ ጀመር። እንስላል ጎበጠች።

ዶሮ ይህን አይታ መጣች። «በአንድ ጠዋት ሁሉንም ለቅሜ እገላግልሻለሁ» አለቻት።

«አባጨጓሬዎቹንም?»

«ምን ልዩነት አላቸው? ሁሉም የሚበሉት አንቺኑ ነው!»

«ክሽክሾቹ ይዘርፉኛል፤ አባጨጓሬዎቹን ግን የማበላቸው እኔ ነኝ። ብሞትም አሳልፌ አልሰጣቸውም። ወደዚያ ሂጂልኝ!»

ዶሮ ተቆጥታ ሄደች። እንስላልም ጀርባዋ ነጠብጣብ ያለበትን ቀይ ጥንዚዛ ጠራች።

«እህቴ፣ ክሽክሽ ትበያለሽ አሉ። አባጨጓሬዎቼንስ ትነኪያለሽ?»

«እነሱማ ለእኔ አፍ ትልልቅ ናቸው። ግን የምበላው ቀስ ብዬ ነው፤ እስከዚያ ትችይዋለሽ?»

«እችለዋለሁ» አለች እንስላል።

ጥንዚዛ በየቀኑ ከሥር እስከ ጫፍ እየወጣች በላች። እንስላል ቅጠሎቿ አንድ በአንድ እያለቁ ታገሠች። በአሥረኛው ቀን የመጨረሻው ክሽክሽ ተበላ። አባጨጓሬዎቹም ጠግበው፣ በሽፋናቸው ተጠቅልለው ሰነበቱና ክንፍ አውጥተው በረሩ።

በማግስቱ ሌላ ቢራቢሮ እንቁላል ልትጥል መጣች፤ የተራቆተውን ግንድ አይታም አመነታች። እንስላል ከቀሯት አራት ቅጠሎች ትልቁን ዘረጋችላት።