ጫኔና የዝምታው ቁና

ተረት ተረት!
የላም በረት!
ኧረ ጮክ በሉ፣ በረቱ ባዶ መሰለኝ። የላም በረት? እሰይ!

በድሮ ዘመን ጫኔ የሚባል አዝማሪ ነበር። በግራዝማች ባይለየኝ ቤት እየዘፈነ ያድር ነበርና ቀለቡም ልብሱም ከእሳቸው ነበር። አንድ ቀን ሠርግ ቤት ሄዶ ቢያይ፣ ደጋሹ ለአንድ ቀን ዘፈን አንድ ቁና ጤፍ ይሰፍራል። ጫኔም በልቡ፦ «በየቀኑ አንድ ቁና ካገኘሁማ ግራዝማችን እኔው አሳድራቸዋለሁ!» አለ።

ከዚያም የአባቱን መሰንቆ አንግቶ ተሰናበተ።

ግራዝማችም፦ «ሂድ። ተመልሰህ ከመጣህ ግን መሰንቆዋን ታስረክባለህ፤ ሥራህም እንጨት መፍለጥ ይሆናል» አሉት።

ጫኔም፦ «ጌታዬ፣ በበቅሎ ሆኜ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» አለና ወጣ።

ወሩ ጥር ነበር። ጥርን መቼም ታውቁታላችሁ፣ ውሻ እንኳ ሚዜ የሚሆንበት ወር ነው። ጫኔ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ዘፈነ። ጤፉ ገባ። ገብቶ ግን አላደረም። ዘመድ ተጠራ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ለጫኔም ባለ ቀይ ጥለት ኩታ ተገዛ።

ሚስቱ አንጓች፦ «አንተ ሰው፣ ትንሽ እናስቀምጥ እንጂ!» አለችው።

እሱም፦ «ምን አስጨነቀሽ? ነገም ሠርግ አለ» አላት።

ቅበላ ሆነና ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ደግሞ አይጋቡም፣ አይዘፍኑም። መሰንቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ፋሲካን ነው የምትጠብቀው። አይጥ እንኳ ጎተራውን ገብታ አየችና አዝናላቸው ወጣች። ኩታው ተሸጠ። ተበላ።

ከዚያም ጫኔ መሰንቆዋን ሊያስረክብ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ግራዝማች ደጅ ሄደ። በአጥሩ ሲያጮልቅ በቦታው የገባውን አዲሱን አዝማሪ አየው። የእሱም መሰንቆ ተሰቅላለች። ሰውዬው ግን ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለለ ይጎርሳል!

ጫኔም፦ «ጉድ! ለካ ጌታዬ ያበሉኝ የነበረው ስዘፍን ብቻ አይደለም፤ ዝም ስልም ነው! እኔ ሞኙ ዘፈኑን ብቻ ሸጬ ዝምታውን በነፃ ሰጠሁ!» አለ።

በሩን ሳያንኳኳ ተመለሰ። እስከ ፋሲካም ለጎረቤት እንጨት ፈለጠ። እንጨት መፍለጡስ አልቀረለትም፤ መሰንቆዋ ግን የራሱ ናት።

ጾሙ ሲፈታ አያ ደምለው የሚባል ባለጠጋ ልጁን ሊድር ጠራው።

ጫኔም፦ «ሁለት ቁና» አለ።

አያ ደምለውም፦ «ለአንድ ቀን? አብደሃል እንዴ?»

ጫኔም፦ «አንዱ ለምዘፍንበት ነው፣ አያ ደምለው። አንዱ በሁዳዴ ዝም ለምልበት።»

አያ ደምለውም፦ «ዝምታህን ምን ላድርገው? ዘፈኑን ብቻ ስጠኝ!»

ጫኔ መሰንቆዋን ቃኘት ቃኘት አደረገና፦ «ይሁን። እንግዲያው ዝም አልልም። በሁዳዴ ደጃፍህ መጥቼ ስለ ስስትህ እዘፍናለሁ። በነፃ!» አለው።

አያ ደምለው ሳቀ። ደንገጥም አለ። ሁለቱንም ቁና ሞልቶ ሰፈረ። አንጓችም አንዱን ቁና ጎተራ ከተተችና፣ ክዳኑን ገጥማ ላዩ ላይ ጉብ አለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ታዲያ ሁለት ቁራሽ ነው፤ አንዱ ላወራሁት፣ አንዱ አሁን ዝም ለምልበት።