ድመቷ የተኛችበት ሳጥን

አንድ ባለጸጋ ሰው ነበረ። ቦርሳህን አስቀምጥና ተቀመጥ፣ ምንተስኖት፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ከቢሮ ስወጣ ስክሪኑን አጠፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ባይጠፋ ማንን ይጎዳል? ጠዋት እስኪከፈት ድረስ ደግሞ ዕድሜዬን ይጨርሰዋል» ነው ያልከኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ስለሆንኩ «መመሪያው ነው» ብዬህ መገላገል እችል ነበር። ግን ለመመሪያ ራሱን የማይነቀንቅ ሠራተኛ የለም፤ የሚፈጽመው ነው የጠፋው። ስለዚህ የሰውየውን ነገር ልንገርህ።

ይህ ባለጸጋ ደግ ነበረ። የሰው ሐቅ አይነካም፣ ደጁም ለማንም ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ እናቱ በልጅነቱ ያስተማረችውን ሁሉ እስከ ሽበቱ ድረስ እንዳለ ይዞታል። እናቱ አጥብቃ ያስተማረችው ደግሞ ስለ እሳት ነው። ያኔ ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም። እሳቱ የጠፋበት ቤት ሴትዮዋ ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ልትጭር ትሄዳለች፤ ጎረቤትም ፍሙን ይሰጣትና ስትወጣ ያማታል። ስለዚህ እናቱ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ እየሸፈነች፣ «ልጄ፣ የጨዋ ቤት እሳት ይዳፈናል እንጂ አይጠፋም» ትለው ነበር።

መንደሩ ከዋናው የመብራት መስመር የራቀ ነው። ሰዉ ተባብሮ ከፏፏቴው ሥር አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ተከለ። ለየቤቱ አምፖል ትበቃለች፣ ወፍጮውንም ታዞራለች፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ግን ሁልጊዜ አትችልም። ስለዚህ ደንብ አወጡ። ባለወፍጮው ሊፈጭ ሲል ደጁ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ይመታል፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ የበራ ነገሩን ያጠፋል። ዱቄት የማይበላ የለምና ሁሉም ደንቡን ያከብር ነበር።

ባለጸጋው ለመንደሩ ወጣቶች ደርዘን ያህል ኮምፒውተር ገዛና ከግቢው አንድ ክፍል ለቀቀላቸው። ምርቃት ዘነበለት። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ጨርሰው ሊያጠፉ ሲሉ ግን ደነገጠ። «ተዉ፣ ተዉ! እሳት ይዳፈናል እንጂ አይጠፋም!» አለና በየጠረጴዛው እየዞረ ስክሪኑን ብቻ ድርግም አደረገው። ክፍሉ ጨለመ። ከጠረጴዛው ሥር ያሉት የኮምፒውተሮቹ ሳጥኖች ግን እያንሾካሾኩ ቀሩ። ተማሪዎቹም አልተከራከሩትም፤ በማግሥቱ ሲመጡ ወዲያው ስለሚከፈትላቸው ተመቻቸው። ቸርኬው በተመታ ቁጥር ሰውየው ወደ ክፍሉ ብቅ ይላል፣ ጨለማ መሆኑን ያያል፣ በኩራት ይመለሳል። ክረምቱን ወንዙ ሞልቶ ይወርድ ነበርና ጄኔሬተሯ ሁሉንም ቻለችው። ማንም ምንም አላወቀም።

ጥር መጣ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ወንዝ የሚቀጥነውም ያኔ ነው። ባለጸጋው የመጨረሻ ልጁን ሊድር ደገሰ። ዳስ ተጣለ፣ ጠላ ተጠነሰሰ፣ ጤፉ ተበጥሮ ወደ ወፍጮ ቤት ወረደ። የሙሽራው ወገን ከሩቅ አገር መንገድ ጀምሯል። ባለወፍጮው ቸርኬውን መታ፣ ሰዉም አጠፋ። ወፍጮው ጥቂት ዞረና አቃስቶ ቆመ። ቢያስነሳው እንደገና ቆመ።

አባትየው ያልተፈጨውን ጆንያ እያየ ላብ አጠመቀው። እንግዳ ጠርቶ ዱቄት ማጣት ማለት ልጅን ከነቬሏ ማዋረድ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የድሮውን የድንጋይ ወፍጮ ፈልጉልኝ ብሎ ሴቶቹን ላከ፤ አንዱ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ ሌላው የበር መደገፊያ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ደንብ አፍራሽ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ። ባለሻይ ቤቷን ረስታ በተወቻት አንዲት አምፖል ገሠጻት። ወፍጮው ቆሟል ብሎ ሥራውን የቀጠለውን ፀጉር አስተካካይም መላጫ ማሽኑን አስነቀለው፤ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ቀረ።

«የእርስዎ ኮምፒውተሮችስ?» አለው ደንበኛው፣ ያልተላጨውን ጎኑን ይዞ።

«የኔማ ተዳፍኗል!» አለ ባለጸጋው ደረቱን ነፍቶ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ሰውየው እንደማይዋሽ ስለሚያውቁ ግን ማንም ገብቶ ልየው አላለም።

እንዲያ እየተቆጣ ግቢው ገባ። ለዳሱ አግዳሚ ጎድሎ ነበርና ከኮምፒውተር ክፍሉ ሊያወጣ ሄደ። አንዱን አግዳሚ ሲጎትት፣ ከጠረጴዛው ሥር የቤቱ ድመት ሳጥኑ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሊያባርራት እጁን ሰደደና መሐል ላይ ገታው። ድመት የምትወደውን ቦታ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ የተዳፈነ ምድጃ ዳር ነው። ድመቷን አነሳና መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። ሞቀው። ሁለተኛውን ነካ፤ እሱም ሞቀው። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። የእናቱ ፍም አመዱ ሥር ሆኖ ከማንም ምንም አይወስድም ነበር፤ ይኼኛው ግን በጨለማ ተሸፍኖ የመንደሩን ወንዝ ሲጠጣ ከርሟል።

ሰውየው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ቀጥሎ ግን፣ ሰውየውን የምወድለት ለዚህ ነው፣ ግማሽ የተላጨው ሰው ትዝ አለውና ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን የሰማች ሙሽራዋ ልጁ «አባባ፣ ምን ሆኑ?» እያለች ሮጣ መጣች። እሷ ኮምፒውተር ትችላለች፤ ሆኖም እጆቿ በእንሶስላ ተጠቅልለዋል፣ ምንም መንካት አትችልም።

«እኔ ልንገርዎት፣ እርስዎ ይጫኑ» አለችው።

እሷ ከኋላው ሆና በአገጯ እያመለከተች፣ እሱ በአንድ ጣቱ እየፈለገ፣ አንዱን ሲጫን «አይደለም አባባ፣ ከሱ አጠገብ ያለውን!» እየተባለ፣ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ያ በእሳት ማጥፋት የሚደነግጥ ሰው በገዛ ጣቱ አጠፋቸው።

ባለወፍጮው ታች ተስፋ ሳይቆርጥ እየሞከረ ነበር። የመጨረሻው ሳጥን ዝም እንዳለ፣ ከቁልቁለቱ በኩል የወፍጮው ድምፅ ተነሳ። ጥቂት አጉረመረመ፣ ከዚያ ሳይቆራረጥ መዝፈን ጀመረ። ወፍጮ ቤት የነበሩት ሴቶች እልል አሉ፤ ዳስ ውስጥ ያሉት ተቀበሏቸው። ሙሽራዋ በተጠቀለለ እጇ አባቷን ልታቅፍ ስትል ነጭ ጋቢውን በእንሶስላ ለቀለቀችው።

ሰርጉስ? እንዴት ያለ ሰርግ! የሙሽራው ወገን በልቶ ጠጥቶ ጉልበቱ እስኪከዳው ጨፈረ። አባትየው ያንን ጋቢ ሳያሳጥብ ለብሶ ዋለ፤ «ይህ ምን ነክቶት ነው?» ላለው ሁሉ ነገሩን ራሱ እያወራ አሳቀ። ያንን ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛም፣ ቀሪውን አስላጭቶ ሲመጣ፣ ከአማቾቹ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ቸርኬ ሲመታ ሰው ዓይኑን አያምንም፤ መዳፉን ያሳርፋል።

እንግዲህ ምንተስኖት፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ክፉ አይደለህም፤ ስክሪኑ ጨለመልህና እሳቱ የጠፋ መሰለህ። ሰውየው ግን አንድ ነገር ይበልጥሃል፤ ወፍጮው ቅርቡ ነበረ፣ የቆመውም በገዛ ልጁ ሰርግ ነው። የኛ መብራት የሚመጣው ከማናውቀው ወንዝ ነው። የቆመውን ወፍጮ አናየውም፣ ስናጠፋም እልልታው አይሰማንም። ስላልሰማነው ግን ሙሽራ የለችም ማለት አይደለም። ዛሬም የሆነ ቦታ አንድ አባት ጆንያው አጠገብ ቆሞ እያላበው ይሆናል። ጠዋት እስኪከፈት ይዘገያል ላልከው ደግሞ፣ በዚያች ጊዜ ለኔ ሰላምታ ስጥባት፤ ሰሞኑን ሳትጨብጠኝ ነው የምታልፈው።

በል፣ ቦርሳህን እዚሁ ተወውና ወደ ቢሮህ ተመለስ። ስክሪኑን አትየው፤ እጅህን ሳጥኑ ላይ አሳርፍ። ከሞቀህ ሰርግ አስቁመሃል። አጥፋውና ና፤ እልል የምልልህ እኔ ነኝ።