የሌላ መኪና ሞተር

አንድ ደምሰው የሚባል ሾፌር ከአባቱ የወረሰው አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። ረዳቱ ታናሽ ወንድሙ ይርዳው ነበር። ከቆላ ማሽላ፣ ከደጋ ገብስ እያመላለሱ እናታቸውን ይጦሩ ነበር።

አንድ ቀን ሞተሩ ነክሶ ጨርሶ ቆመ። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ደምሰው ከተገለበጠ ትልቅ መኪና የወጣ ሞተር አፈላልጎ አገኘና ወደ መካኒኩ ወደ ጋሽ ኑረዲን ወሰደው።

ጋሽ ኑረዲን ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት። “ይሄ የሌላ መኪና ነው። የሞተሩ መቀመጫ አይገጥምም፤ ቆርጬ መበየድ አለብኝ። ራዲያተሩም ሙቀቱን አይችለውም። እሱስ ይሁን፤ በዚህ ጉልበት ለሚሮጥ መኪና ግን ይሄ ፍሬን አይበቃም። ፍሬኑንም አብረህ ለውጥ” አሉት።

“እርስዎ ሞተሩን ይግጠሙልኝ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።”

ጋሽ ኑረዲን አመነቱ። ደምሰው የቆየ ደንበኛቸው ነው፤ እምቢ ቢሉት ሌላ ጋራዥ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ቆርጠው፣ በይደው ገጠሙለት። ራዲያተሩን በትልቅ ለወጡለት። ፍሬኑ እንደነበረ ቀረ።

መኪናዋ ጉድ ተባለላት። ድሮ እያቃሰተች የምትወጣውን ዳገት ሌሎቹን እየቀደመች ትወጣው ጀመር። ደምሰውም ጭነት ጨመረባት። ያየው ሁሉ አደነቀው። ስለ ቁልቁለቱ ያነሳ ግን ከይርዳው በቀር አልነበረም።

“ጋሼ፣ ስንወርድ ፍሬኑ ይሸታል” አለው ታላቅ ወንድሙን።

“አባባ በዚሁ ፍሬን ዕድሜውን ሙሉ ነድቷል።”

“አባባ ይህን ያህል ጭኖ አያውቅም። እንዲህም ሮጦ አያውቅም።”

ደምሰው ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገብስ ጭነው ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። ደምሰው ማርሽ ሊቀንስ ታገለ፤ አሮጌው ካምቢዮ አልያዘለትም። ከፊታቸው ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ይርዳው ጎማ የሚያግዱበትን ታኮ ይዞ ዘለለ። ታኮውን ከጎማው ስር ሲወረውር እግሩ ተንሸራተተና እሱም አብሮ ገባ። መኪናዋ ወደ ተራራው ጥግ ዞረች፤ ዐለቱን ተደግፋ ቆመች። ገበያተኞቹ ተረፉ። ይርዳው አልተረፈም።

ከቀብሩ በኋላ ደምሰው ጋራዡ በር ላይ ሄዶ ቆመ።

“እያወቁ ለምን ገጠሙልኝ?”

“ነግሬህ ነበር እኮ።”

“ነግረውኛል። ከዚያ ደግሞ ገጠሙልኝ።”

ጋሽ ኑረዲን ራሳቸውን አቀረቀሩ። ደምሰውም እሳቸውን ቢወቅስ የራሱ ጥፋት እንደማይቀልለት ያውቃል። እናቱ እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም። እሱን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለውም ይኼው ዝምታዋ ነው።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ጉልበት እንመኛለን፤ ያንን ጉልበት የምንገታበትን ግን አብረን አንመኝም። ሥልጣንም ሆነ ሀብት ባልተለወጠ ባሕርይ ላይ ሲገጠም ለጊዜው ያስጨበጭባል። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ አጠገባችን ሆኖ ባስጠነቀቀን ሰው ላይ ነው። ጥፋቱም የነጂው ብቻ አይደለም። እውነቱን በአፉ ተናግሮ በእጁ ያገዘም ድርሻ አለው።

እስኪ ራስዎን ይጠይቁ፦ አደገኛ መሆኑን ተናግረው ሲያበቁ፣ ደንበኛ ወይም ወዳጅ እንዳይቀየም ብለው በገዛ እጅዎ የገጠሙት ነገር የለም?