የተቆረጠው የመሬት ሽቦ

አንድ የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት ራዲዮ፣ ማይክራፎንና የሠርግ ድምፅ ማጉያ ሲጠግን ኖሯል፤ የሠራው እቃ ተመልሶ መጣበት ሲባል ግን የሰማ የለም።

በሰኔ ወር አንድ ማለዳ እታፈራሁ የምትባል ክራር ተጫዋች ትንሽ የብረት ሳጥን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ሳጥኑ የክራሯን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ ወደ ትልቁ ማጉያ የሚያሳልፍ ነው። ሙዚቀኞች ፕሪአምፕ ይሉታል።

"ጋሽ ዘርጋው፣ ይህ ነገር ሊያሳብደኝ ነው" አለችው። "እጄን ከክሩ ላይ አንሥቼ እንኳ እምምም ማለቱን አይተውም። ነገ ከሰዓት ደግሞ አቶ ምንውየለት ዝግጅት በሚያሰናዳበት ግቢ እጫወታለሁ።"

ዘርጋው ሥራውን በወጉ ጀመረ። ገመዱን ቀየረ፤ ጩኸቱ አልጠፋም። የክራሩን መሰኪያ ጃክ ነቀለ፤ አሁንም አለ። ክራሩ ነጻ ነው ማለት ነው። ሶኬት ቀየረ። ከጎኑ ያለው የብየዳ ቤት ሥራ እስኪያቆም ጠብቆ ደግሞ ሞከረው፤ ያው ነው። በመጨረሻ ስፒናውን ፈትቶ፣ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን አረንጓዴ ሽቦ ለጊዜው አላቀቀና ሳጥኑን አበራው። ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ አለ። ሳጥኑን ሊያነሣ እጁን ሲሰድ ግን የጣቶቹን ጀርባ ጉንዳን እንደወረረው ሁሉ ነዘረው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ቦታ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፤ በገመዱም እስከ ክራሩ የብረት ክር ሊደርስ ይችላል። እስካሁን ሰው ያልነዘረው፣ አረንጓዴው ሽቦ ወደ መሬት ስለሚያወርደው ብቻ ነው። ሽቦውን መልሶ ሊያስር ካቻቢቴውን ሲያነሣ የአቶ ምንውየለት መኪና ደጁ ላይ ቆመች።

"አለቀ?" አለ አቶ ምንውየለት ከበሩ ሳይገባ።

"ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ገና አላገኘሁትም።"

"ከየት እንደሚመጣ ማን ጠየቀህ? እንዳይሰማ አድርግልኝ።"

"ሳጥኑ ተፈትቶ አንድ በአንድ መታየት አለበት። ሁለት ቀን ስጠኝ።"

"ሁለት ቀን?" ሳቀ አቶ ምንውየለት። "ማዶ ያለው ጠጋኝ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። አርጅተህ ከሆነ ንገረኝና ወደሱ ልውሰደው።"

ይህች ቃል ዘርጋውን ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ነዘረችው። እታፈራሁን ቀና ብሎ አያት። እሷም በጉጉት ታየዋለች። ጎንበስ አለና አረንጓዴውን ሽቦ ከሥሩ ቆርጦ ስፒናውን ገጠመው።

ልጅቱ ክራሯን ሰክታ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደረገች። ፊቷ በራ። "እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም! እጅህ ይባረክ፣ ጋሽ ዘርጋው!"

ስትጫወቺ ብረት እንዳትነኪ ሊላት ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ይህን ካለ ሥራው እንዳላለቀ ማመኑ ነው። አቶ ምንውየለት ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። እሷም ሳጥኗን ይዛ ሮጠች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ጣለ። የግቢው ድንኳን ራሰ፤ ምሰሶ የሆኑት ብረቶች ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ዘርጋው ተጋብዞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ክራሩ ምንም እምምታ ሳይቀላቀልበት ሲሰማ ጎኑ ያሉት ሰዎች "ያንተ ሥራ ነው አሉ" እያሉ አመሰገኑት። እሱ ግን ምሰሶዎቹን ነበር የሚያየው። ሁለት ጊዜ ሊነሣ አሰበ። ሁለቱንም ጊዜ፣ ይህን ሁሉ ሰው አቋርጬ ምን ልል ነው ብሎ ተቀመጠ።

ሦስተኛውን ዘፈን ስትጨርስ ሕዝቡ አጨበጨበ። እታፈራሁ አንድ እጇ ከብረት ክሮቹ ሳይነሣ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ልትነሣ በሌላው እጇ ምሰሶውን ያዘች። አልጮኸችም። ከነክራሯ ወደቀች።

ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ዘርጋው ነበር። ሮጦ ስፒናውን ነቀለ። ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ግን ሕይወቷ አልፏል።

ሰው ሁሉ መብረቅ ነው አለ። አቶ ምንውየለትም ዘርጋውን ወደ ጥግ ወስዶ "አንተም መብረቅ ነው በል፤ ልጆች አሉህ" አለው።

ዘርጋው ሳጥኑን ይዞ ወደ ሱቁ ሄደና ፈታው። አንድ ሽቦ በሳጥኑ ጠርዝ ታሽቶ ልባሱ የጥፍር ያህል ተልጦ አገኘው። ለማግኘት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄደና ታላቅ ወንድሟን ታረቀኝን ለብቻው ጠርቶ ሁሉንም ነገረው።

ታረቀኝ "ታውቅ ነበር?" አለው።

"እንደሚያፈስ አውቅ ነበር። የት እንደሆነ አልፈለግሁም።"

"ጩኸቱ እንዳለ ብትሰጣት ኖሮ ምን ትሆን ነበር?"

"ሰው ትንሽ ይስቅባት ነበር" አለ ዘርጋው።

ታረቀኝ አልመታውም፤ ይቅርም አላለውም። "ይህንኑ ለፖሊስ ንገር" ብሎት ወደ እናቱ ተመለሰ። ዘርጋው ተናገረ፤ ታሰረም። አቶ ምንውየለት እንዲህ አድርግ አላልኩም ብሎ መሰከረ፤ ከዘርጋው በቀር ያስተባበለው አልነበረም። ግቢው ዛሬም ዝግጅት አለው።

ወዳጆቼ፣ የሚረብሸን ድምፅ ሁሉ ጠላታችን አይደለም። "መሰላሉ ተሰንጥቋል" እያለ የሚነዘንዘውን ሠራተኛ እናባርራለን። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ የምታለቅስን ልጅ ምን እንዳገኛት ሳንጠይቅ ቆጥተን ዝም እናሰኛለን። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ሲል ደህና ሆነ ብለን እንተኛለን። ጩኸትን ማጥፋት ቀላል ነው፤ አንድ ሽቦ መቁረጥ ይበቃል። ምክንያቱን መፈለግ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ "ገና አላወቅሁትም" ብሎ በሰው ፊት ማፈርንም ይጠይቃል። ዘርጋው ያቃተው ሙያው አልነበረም፤ ይህቺ እፍረት ነበረች።

እርስዎስ፣ ሰሞኑን ማንን ነው ምን ሆነህ ሳይሉ ዝም ያሰኙት?